በእድሩ መዝገብ የወንድሜ መስመር

የእድራችን መዝገብ ትልቅ ጥቁር ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ አለው። በገጹ አናት ላይ የአባሉ ስም ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ ሲሞቱ እድሩ ድንኳን የሚተክልላቸው፣ ጡሩምባ የሚያስነፋላቸው የቤተሰቡ ሰዎች ከነዝምድናቸው በየመስመሩ ይሰፍራሉ። አንዱ ሲሞት ጸሐፊው ማስመሪያ አስደግፎ ስሙ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። በእኔ ገጽ ላይ ቀዩ ብዙ ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ታላቅ እህቴ። እስከ አምና ክረምት ድረስ ሳይሰረዝ የቆየ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የወንድሜ።

ወንድሜን የወሰዱት እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ነው። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉ። እናቴ ሹራቡን ይዛ ተከተለቻቸው። «ምን ያደርግለታል? አሁን ይመለስ የለም እንዴ!» ብለው መለሷት። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ምሳውን ወደታሰረበት እያመላለሰች አቀበለች። አንድ ቀን ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላት።

«ከዛሬ ጀምሮ አያምጡ» አላት።

«የት ሄዶ ነው የማላመጣው?»

«አያምጡ በላቸው ተብያለሁ፤ ሌላ አላውቅም።»

በዚያ ጊዜ እንዲህ ላለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ክልክል መሆኑን የሚናገር ወረቀት አላየሁም፤ ግን ሁሉም ያውቀው ነበር። ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ይጨምሩ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እኛም በሌላው ሰው በር ላይ እንዲሁ አድርገናል።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች የቆየ ለቅሷቸውን አለቀሱ። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «ሞቷል ያለኝ የለም። ወረቀት ይስጡኝና አለቅሳለሁ» አለች። የእድሩ ደብተር በሞላ ቁጥር ስሞቹ ወደ አዲስ ደብተር ይገለበጣሉ። ጸሐፊው የወንድሜ መስመር ላይ ሲደርስ «ይቺን ልለፋት?» ብሎ ሲጠይቃት «ጻፋት» ትለው ነበር። እሷ ስትሞት አባልነቷ ወደ እኔ ዞረ። በስሙ ትይዩ «ልጅ» የሚለው «ወንድም» ተባለ። ጸሐፊው እኔንም ጠየቀኝ፤ እኔም «ጻፈው» አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ ፋይሉ አይዘጋም።

አሁን ወደ ተከራዬ ልመለስ። እሱ ባይሞት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሰውየው ከሩቅ አገር የመጣ ነበር። አገሩን አልጠራም፤ እህቱ እዚያ አለች። በአገሩ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። መንግሥቱን የሚያስቆጣ ነገር በመጻፉ ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ወጣ። አሰላ ከመጣ በኋላ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ጀመር፤ የጓሮዬን ክፍልም ተከራየ። ከሁሉ ከተማ አሰላን ለምን እንደመረጠ ስጠይቀው የጭላሎን ተራራ አሳየኝና «ብርዱ እውነተኛ ነው» አለኝ። ሌላ ምክንያት ነግሮኝ አያውቅም።

አማርኛ የተማረው ከእኔ ነው። እኔ ደግሞ «እርስዎ» እያልኩ ስለማናግረው ሌላ አልለመደም። ተማሪዎቹን «ይቀመጡ» ይላል። ውሻዬ ክፍሉ ሲገባበት «እባክዎ ይውጡ» እያለ በሩን ይከፍትለታል። ጎረቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር አጥር ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እሷ የኢተያ ስንዴ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ኦሮምኛዋና አማርኛዋ በአንድ ጆንያ ውስጥ ናቸው።

«አንቺ፣ ለምን አታገቢውም?» ትለኝ ነበር። «አንቺም አትናገሪ፣ እሱም አይናገር። ቤቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ይላል።»

«ሥራ የለሽም?» እላታለሁ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በመካከላችን ብዙ ወሬ አልነበረም። የልብስ ገመዳችን ግን አንድ ነበር። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ዝናብ ከመጣ የእሱን ልብስ እኔ አስገባለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ከመጣ የእኔን እሱ ያስገባል። ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ አንሶላውን ሁሉ አጣጥፎ በረንዳዬ ወንበር ላይ ያስቀምጥልኛል። የውስጥ ልብሴን ግን አይነካም፤ እዚያው ገመዱ ላይ ሲደበደብ ይውላል። ለአክብሮት መሆኑ ገብቶኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ የጠጣ የውስጥ ልብስ እየጨመቅኩ አንድ ቀን አልተናገርኩትም።

የሚወደው ነገር ለቅሶ ቤት መሄድ ነበር። ይህን ስጽፍ የሚስቅ ይኖራል፤ ግን እውነት ነው። ጡሩምባው ከተነፋ ኮቱን ደርቦ ይወጣል። አግዳሚ ወንበር ይሸከማል፣ የድንኳን ካስማ ይመታል፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ ንፍሮ በእፍኙ ይቀበላል። በአገሩ ሳለ አባቱ የሞቱት እሱ እስር ቤት ሆኖ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግሮኛል። «ማን እንደቀበራቸው አላውቅም» አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

የእድር አባል ልሁን ብሎ አመልክቶም ነበር። የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ነጂ ናቸው። በሞተሩ ጩኸት ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ቀስ ብለው መናገር አይችሉም። «ደንቡ የቀበሌ መታወቂያ ይላል! የእርስዎ የስደተኛ ወረቀት ነው!» ብለው በሰው ፊት ጮኹበት። መሳደባቸው አልነበረም። እሱም «ደንቡ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ቀብር ላይ ወንበር ተሸክሞ ከፊታቸው ሲያልፍ ዳኛው መሬት መሬት ሲያዩ አይቻለሁ።

አምና ሐምሌ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሸሚዞቹን አጥቦ አሰጣና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ክረምት ቢሆንም ለደካማ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ይሰጥ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መጣ። ሰሌዳ ሲያጠፋ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ አለኝ። ሆስፒታል ስደርስ አልቋል። ኮቱን፣ መነጽሩንና ስልኩን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ ጀምሯል። ሸሚዞቹ ገመዱ ላይ ነበሩ። ከፌስታሉ ጋር አስገባኋቸው።

እኛ ዘንድ ሰው በሞተ በማግሥቱ ይቀበራል። በማግሥቱ ሬሳውን ልንወስድ ብንሄድ አይቻልም ተባልን። ሟቹ የውጭ ዜጋ ነው፤ በዚያ ላይ ተራ የውጭ ዜጋ አይደለም። መንግሥታችን የአገሩን ኤምባሲ መጠየቅ አለበት፤ መልስ እስኪመጣ ሬሳው ሆስፒታል ይቆያል። ይህን የነገረኝ ጉዳዩ የተመራለት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ለዕድሜው ትሕትና ያለው ወጣት ነበር፤ ታናሽ እህቱን የእኔ ተከራይ አስተምሯታል። ሁለት ጊዜ «ከአቅሜ በላይ ነው፣ እማማ» አለኝ።

አራት ቀን ጠበቅን። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እቀመጣለሁ። ምን እንደምጠብቅ ለሚጠይቀኝ «መልስ» እላለሁ። ከእኔ አጠገብ ከጎበሳ ለመሬት ጉዳይ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ሲነግረኝ ዋለና በመጨረሻ «የእርስዎስ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ኃላፊው ወደ ቢሮው አስገባኝ። የኤምባሲውን ደብዳቤ ሊያነብልኝ ጀምሮ መሐል ላይ ተወና ወረቀቱን ሰጠኝ። አምስት መስመር ነበር። በተጠቀሰው ስም የሚያውቁት ዜጋ እንደሌላቸው፣ ስለሆነም ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው ይገልጻል። ማህተሙ ያማረ ነው። ሰውየው በዚያ አገር ተወልዶ፣ ሁለት ጊዜ በዚያ አገር እስር ቤት ተዘግቶበት፣ አያውቁትም።

«የእኛ ሰዎችስ ምን አሉ?» አልኩት።

አንገቱን አከከ። «የበላይ አካል ጸጥ ባለ ሁኔታ ይፈጸም ነው የሚለው። እነዚያን ማስቀየም አይፈልጉም። ባለቤት ስለሌለው ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል።»

«የት?»

«ባለቤት የሌላቸው የሚቀበሩበት።»

«ማን በተገኘበት?»

«እማማ…»

«ባለቤት ቢመጣለትስ?»

«ዘመድ ከሆነ፣ ማስረጃ ካለው፣ ይወስዳል። ግን ማን ይመጣል?» አለ። እውነቱን ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፌስታል ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። የምትደውለው እህቱ ነበረች። መሞቱን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነግሯታል። የእሷ እንግሊዝኛ ከእኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አይሻልም፤ ስለዚህ ተግባባን። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሰዎች ቤቷ መጥተው እንደነበር ነገረችኝ። ፎቶውን ከግድግዳ እንድታወርድ፣ ሰው እንዳትሰበስብ፣ እንዳታለቅስ ነግረዋታል። እናታቸው በሕይወት አሉ፤ እሳቸውም ሰምተው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«እዚያ ማን አለው?» አለችኝ።

ቃል ለመስጠት የምቸኩል ሰው አይደለሁም። ግን የእናቴ ሳህን ትዝ አለኝ።

«እዚህ እናለቅስለታለን» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ። ሬሳውን ለመውሰድ ዘመድ መሆን ያስፈልጋል። ለማልቀስ ድንኳን ያስፈልጋል። ጡሩምባ ካልተነፋ ሰው አይወጣም፤ ጡሩምባ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ስሙ ለሌለ ሰው አይነፋም። ተከራይ መዝገብ ውስጥ የለም። ጊዜውም እስከ ሰኞ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዳኛው ቤት ሄድኩ፤ ጎረቤቴም ነጠላዋን ጥላ ተከተለችኝ። ዳኛው በረንዳቸው ላይ ራዲዮ ያዳምጡ ነበር። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

«አንቺ ልጅ!» አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ሰውየውን እኔም እወደው ነበር! ግን ነገ ሁሉም ተከራዩን ይዞ ይመጣል! ደንብ ነው!»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ መንገድ ድረስ ይሰማል» አለች ጎረቤቴ።

«ቀስ ብዬ ነው የማወራው!»

«መስመር አለኝ» አልኩ።

«የምን መስመር?»

«የወንድሜ።»

ራዲዮውን ዘጉ። ዳኛው ወንድሜን ያውቁታል፤ ኳስ አብረው ተጫውተዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ድምፅ ነበር።

«ይሄ ነገር አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «ዛሬ ከሰረዝነው አለቀ። ነገ አጥንቱ እዚህ ቦታ ተገኘ ቢሉሽ ድንኳን የለሽም። ጡሩምባም የለሽም።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?»

«እናቴ ብትኖር ይሄን አምስት ቀን ምሳ ይዛ ሆስፒታል በር ላይ ትቆም ነበር።»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዳኛው ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ መዝገቡን ይዘው ወጡ። ከወንድሜ ስም በላይ ባለው ጠባብ ቦታ የሰውየውን ስም በእርሳስ ጻፉ። በቀለም መጻፍ አልደፈሩም መሰለኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብዬ የእድሩን ደብዳቤ አረቀቅኩ። ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ። ሟች በአባላችን ገጽ ላይ በወንድምነት መስመር መስፈሩን እናረጋግጣለን። ከቃሉ ውስጥ ውሸት የለም። ደግሜ አነበብኩት።

ጎረቤቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። የመቃብሩን ቦታ እሷ ጨረሰች። «የእኛ ሰዎች እሺ ብለዋል» አለችኝ። «ማን እንዳጠመቀው አልጠየቁም። ኦቦሌሳ ኬ፣ ወንድምሽ ነው አልኳቸው፤ በቃ አሉ።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደረስኩ። ኃላፊው የእድሩን ደብዳቤ አነበበ። ከዚያ እኔን አየ፤ እንደገና አነበበ።

«እማማ፣ እዚህ ቅጹ ላይ ዝምድና የሚል አለ። ምን ልጻፍ?»

«ደብዳቤው ላይ ያለውን ጻፍ።»

«እኔ ልጽፍ እችላለሁ» አለ። «ግን እርስዎ ጠይም፣ እሱ እንደ ወረቀት ነጭ። ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«በእናት አንገናኝም በል።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ወጥቶ ስልክ ደወለ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ ግንባሩ ላብ ነበረው። ተፈቅዷል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። በማግሥቱ ከአራት ሰዓት በፊት እንዲያልቅ። ንግግር እንዳይኖር። ፎቶ እንዳይነሳ። ከሃያ ሰው እንዳይበልጥ። ፈረምኩ። በዝምድና ፊት ለፊት «እህት» ብሎ ጽፏል።

ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ገና ጉሙ ሳይነሳ፣ የጡሩምባው ድምፅ ከላይ ሰፈር በኩል መጣ። ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ጡሩምባ ነፊያችን የዋህ ሰው ነው። ዳኛው መዝገቡን ከፍተው «የእሷን ወንድም ስም አንብብና ጥራ!» ብለውታል። በእርሳስ የተጻፈውን የባዕድ ስም ሞከረው፤ ምላሱ አልያዘለትም። ከሥሩ በቀለም የተጻፈ ስም አየ። እሱን አነበበ።

«እድርተኞች ስሙ!» አለ። የእኔን ስም ጠራ። «ወንድሟ…» አለና የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠራ። «አርፏል! ቀብሩ ዛሬ ሦስት ሰዓት ነው!»

ውሃው በእጄ ላይ እየፈሰሰ ቆምኩ። ያን ስም መንገድ ላይ ሲጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ኳስ በሚጫወትበት ጊዜ ነው።

ዳኛው በጭቃው ውስጥ እየሮጡ መጡ። «ይሄ ደንቆሮ!» ይላሉ። «ልመልሰው! ልመልሰውና ያርመው!»

«ይተዉት» አልኳቸው።

«ምን?»

«ይተዉት፣ ጋሼ። የታች ሰፈር ይቀረዋል።»

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የመጡት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። በከዘራ የሚሄዱ፣ በልጅ ልጆቻቸው ክንድ የተደገፉ ሰዎች ነበሩ። አብረውት የተማሩ፣ አብረውት የተጫወቱ፣ ያኔ ሰፈር ውስጥ የነበሩ። ብዙዎቹን ለዓመታት አላየኋቸውም። አንዱ ሽማግሌ «ተገኘ እንዴ?» አለኝና መልስ ሳይጠብቅ ማልቀስ ጀመረ። በሌላ በኩል ደግሞ ተማሪዎቹ ከነወላጆቻቸው መጡ፤ የመምህራቸውን መሞት ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ያውቃሉ። የእድሩ ሰዎችም፣ ሁልጊዜ ወንበር ሲሸከምላቸው የኖረው ሰው ተራው እንደደረሰ ሰምተው፣ ሁሉም ወጥተዋል። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው አጥሩ ጥግ በዝናብ ቆመ።

ኃላፊው ከአንድ ባልደረባው ጋር መጣ። ጃንጥላ ይዟል። ሰዉን አየና ወደ እኔ አጎነበሰ።

«እማማ፣ ሃያ ሰው ነው የተባለው። እኔን ያስጠይቁኛል።»

«ለእሱ የመጡት ሃያ ይሆናሉ» አልኩት። «ሌሎቹ የመጡት ለወንድሜ ነው።»

«የትኛው ወንድምዎ?»

ነገርኩት። ብዙ አልፈጀብኝም፤ ሦስት አራት ቃል ነው። ዓመቱን ነገርኩት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደነበረ ነገርኩት።

«ለእሱ ለቅሶ የወጣ ትእዛዝ አለ?» አልኩት። «የዚያን ጊዜው እንደሆን መንግሥቱ ወድቋል።»

ባልደረባው ሰዓቱን እያየ «ምን እናድርግ?» ሲለው ሰማሁ። «ቁጭ በል» አለው ኃላፊው። ጃንጥላውን አጥፎ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ንፍሮ አቀበለችው፤ በሁለት እጁ ተቀበላት።

በመቃብሩ ላይ ንግግር አልተደረገም። ወንጌላዊው አጭር ጸሎት አደረጉ። ፎቶ ያነሳ የለም። አራት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን። ሬሳውን የተሸከሙት ዳኛውና የእድሩ ሰዎች ናቸው። ዳኛው ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ይተኩ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። «የእኔን ወንበር ስንት ጊዜ ተሸክሟል!» እያሉ በጭቃው ላይ ይጮኻሉ። ያን ቀን ማንም ቀስ ይበሉ አላላቸውም።

ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ በሦስቱ ቀን የሚቀመጥበት፣ እናቴ ለልጇ ሳትቀመጥበት የሞተችው ፍራሽ ነው። ሰው እየመጣ አጠገቤ ያለቅሳል። ማንን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩም፤ ለማንም አላስረዳሁም። በሁለተኛው ቀን አንዲት የማላስታውሳት አሮጊት ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ያኔ በራችሁ ላይ ሳልፍ ፍጥነት ጨምሬ ነበር» አለችኝ። «አሁን ትንሽ ልቀመጥ።» ድንኳኑ እስኪነሳ አልሄደችም። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሴት አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ራሴን በትከሻዋ ላይ አሳርፌ እንደነበር ጎረቤቴ ነግራኛለች።

በሳምንቱ ዳኛው መዝገቡን፣ ማስመሪያውንና ቀዩን ቢክ ይዘው መጡ። «አንቺ አስምሪው» አሉኝ። ሁለቱ ስሞች፣ የእርሳሱና የቀለሙ፣ በጣም ተጠጋግተው ስለተጻፉ አንድ መስመር በቃቸው። ዳኛው ገጹን አዩና «እንግዲህ እዚህ ገጽ ላይ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ ሟርት!» አለች ጎረቤቴ። «እሷ እኔን ሳትቀብር የትም አትሄድም።»

ኃላፊው የሞት ማስረጃውን በፖስታ አድርጎ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። የሟች ስም የእንግዳው ስም ነው። ከሥሩ «ማስረጃውን የወሰደችው፦ እህት» ይላል። እናቴ የጠበቀችው ወረቀት ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም በእሷ ሳጥን ውስጥ፣ ከሹራቡ ላይ አስቀመጥኩት። የተከራዬን ሸሚዞች ግን አልከተትኳቸውም፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። እንደ በፊቱ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከጀርባዋ ሌላ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ እናትየዋ መሆን አለባቸው።

«አለቀሳችሁ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ሦስት ቀን።»

ለእናቷ በቋንቋቸው ስትነግራቸው ሰማሁ። እሳቸውም አንድ ነገር አሏት።

«ብዙ ሰው ነበር ወይ ትላለች።»

«ድንኳኑ አልበቃም፤ ዝናብ ላይ የቆመም ነበር በያቸው» አልኳት።